የናይሮቢ ሂፕሆፕ አቀናባሪዎች፦ ከቴድ ጆሳያ እስከ ማጂክስ ኤንጋ

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የሂፕሆፕ ሙዚቃ ራሱን ችሎ መቆም የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስማቸው ከአገር ያለፈ የናይሮቢ ራፐሮች ብዙ ናቸው። ምቱን የሠሩ፣ ድምፁን የቀረጹና ዘፈኑን ለሬዲዮ ያበቁ አቀናባሪዎች ግን ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሥራውን የጀመሩት ገና በወጣትነታቸው ነው። ይሁንና የትኛው ሰፈርና የትኛው ቋንቋ ማይክ ፊት እንደሚቆም በአመዛኙ የወሰኑት እነሱ ናቸው። የናይሮቢ ሂፕሆፕ ታሪክ በእነሱ በኩል ሲታይ ይበልጥ ግልጽ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከእነሱ በፊት የሙዚቃ ገበያው ማዕከል ሪቨር ሮድ ነበር። ይህ ሱቅ በሱቅ ላይ የተደራረበበት የንግድ ጎዳና ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቤንጋ፣ የኪኩዩና የካምባ ሙዚቃ በሸክላና በካሴት የሚሸጥበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ገንዘብ የሚያወጣው ነጋዴው ነው፤ ዘፋኙ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍም ኪሳራም የነጋዴው ነው። በካሴት ዘመን አዲስ አበባ ላይ እነ አምባሰልና ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤት የሚሠሩበትን አካሄድ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ፖሊግራምና ሲቢኤስን የመሳሰሉ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችም ናይሮቢ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ በሕገወጥ መንገድ የሚባዛው ካሴት ገበያውን እየበላ ሲመጣ ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። የቀሩት ስቱዲዮዎች የሚተዳደሩት በማስታወቂያ ሥራ፣ በመዝሙር ቀረጻና በሆቴል ባንዶች ነበር። እንደ ብሩስ ኦዲያምቦ ያሉ የቀደመው ትውልድ ባለሙያዎች ጆሐሪ ክሌፍን በመሰለ ስቱዲዮ ጥራት ያለው ሥራ ይሠሩ እንደነበር አይካድም። ለሰፈር ወጣት ግን የስቱዲዮ ሰዓት የማይቀመስ ነበር።

ወጣቱ አዲስ ድምፅ የሰማው በቴሌቪዥን ነው። ኬቲኤን የተባለው የግል ጣቢያ በ1990 ሥራ ጀምሮ የውጭ የሙዚቃ ቪዲዮዎችን ወደ ሳሎኑ አስገባለት። በዚሁ ጣቢያ አቅራቢነቱ የታወቀው ጂሚ ጋቱ በ1991 ስለ መንገድ ደኅንነት በራፕ መልክ የሠራው «ስቴይ አላይቭ» በኬንያ ቀድመው ከተሰሙት የራፕ ሥራዎች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ ራፕ ማለት እንግሊዝኛ፣ በተለይም የአሜሪካ ቅላፄ ያለው እንግሊዝኛ ማለት ነበር። በስዋሂሊ ራፕ የሚሞክር ሰው እንደ ቀልደኛ እንጂ እንደ ሙዚቀኛ አይታይም። ሬዲዮ የመንግሥት ብቻ በመሆኑ የወጣት ሙዚቃ የሚደመጥበት ሰዓት ጠባብ ነበር። በ1996 ካፒታል ኤፍኤም ሲከፈት የሬዲዮው ሁኔታ ተለወጠ፤ እንዲህ ያሉት የግል ጣቢያዎች ሃያ አራት ሰዓት የሚሞላ ሙዚቃ ያስፈልጋቸው ነበርና። ቀን ሙሉ የሚጫወቱት ግን የአሜሪካና የእንግሊዝ ዘፈን ነበር። የአገር ልጅ ሥራ ይግባ ቢባል እንኳ የድምፅ ጥራቱ ከባሕር ማዶው ጋር ጎን ለጎን ሲሰማ መቆም ነበረበት። ይህን ክፍተት መሙላት የራፐር ሥራ አልነበረም፤ የአቀናባሪ ሥራ ነበር።

ክፍተቱን ቀድሞ ያየው ቴድ ጆሳያ ነው። ጆሳያ በሲንክ ሳውንድ ስቱዲዮ ሲሠራ ከወጣት ዘፋኞች ጋር የጀመረው ሙከራ በ1997 ግድም ፍሬ አፈራ። ሃርድስቶን የተባለው ድምፃዊ «ኡሂኪ» የተሰኘውን ዘፈን ይዞ ወጣ፤ ቃሉ በኪኩዩ ሰርግ ማለት ነው። ከሥሩ የሚሰማው የማርቪን ጌይ «ሴክሹዋል ሂሊንግ» ነው፤ በላዩ ላይ ኪኩዩና እንግሊዝኛ እየተፈራረቁ፣ የጃማይካ ራጋ አነጋገር እየገባ ይሄዳል። የከተማው ወጣት የሚያውቀውን የአሜሪካ ዜማና አያቱ የምትናገረውን ቋንቋ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል። «ነቲንግ ባት ዘ ስቶን» የተባለው የሃርድስቶን አልበምም ኬሌሌ ሬከርድስ በተባለ ድርጅት በኩል ወጣ።

በዚህ ሙዚቃ የአቀናባሪው ድርሻ ከባንድ ዘመኑ አቀናባሪ ድርሻ በጣም ይሰፋል። በባንድ ሙዚቃ ዜማና ግጥም ቀድመው ይመጣሉ፤ አቀናባሪው ለመሣሪያዎቹ ቦታ ይሰጣል። በሂፕሆፕ ግን ቀድሞ የሚመጣው ምቱ ነው። አቀናባሪው በከበሮ ማሽን ወይም በኮምፒዩተር ምቱን ይደረድራል፤ ከአሮጌ ሸክላ ላይ አጭር ድምፅ ቆርጦ ይደጋግማል፤ የባስ መስመሩን በኪቦርድ ያስገባል፤ ራፐሩ ከምቱ ሲቀድም ያስቆመዋል፣ ሲዘገይ ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ሁሉንም አደባልቆ ሚዛኑን ያስተካክላል። ናይሮቢ ውስጥ ከዚህም አልፎ አቀናባሪው የስቱዲዮው ባለቤት፣ የአልበሙ አሳታሚ፣ ሲዲውን ተሸክሞ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሄደው ሰውና የወጣቱ አማካሪ ጭምር ይሆን ነበር። ቴድ ጆሳያ እነዚህን ሥራዎች ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ካሰባሰቡት ፊተኛው ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

በዚያው በ1997 ከዳንዶራ የመጡ ሦስት ወጣቶች ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰዱት። ዳንዶራ በ1970ዎቹ በዓለም ባንክ ድጋፍ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የተሠራ የምሥራቅ ናይሮቢ ሰፈር ነው፤ የከተማዋ ትልቁ የቆሻሻ መጣያም እዚያው ነው። ካማ፣ ጆኒና ኦቴራው ካላማሻካ በሚል ስም ተሰባስበው «ታፍሲሪ ሂ» የተባለውን ዘፈን ሲያወጡ የሰፈራቸውን ረኃብ፣ የፖሊስ ዱላና የሥራ አጥነት ኑሮ በሼንግ ተናገሩ። ሼንግ ከስዋሂሊ፣ ከእንግሊዝኛና ከኬንያ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተቀላቅሎ በምሥራቅ ናይሮቢ ሰፈሮች የተወለደ የወጣቶች አነጋገር ነው፤ በትምህርት ቤት ሲወገዝ ኖሯል። ይህ አነጋገር በጥሩ ስቱዲዮ ተቀርጾ በሬዲዮ መሰማቱ ለብዙ የምሥራቅ ናይሮቢ ልጅ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካን ቅላፄ እያስመሰሉ ራፕ ማድረግ እያሳፈረ መጣ።

ጆሳያ እነዚህን አዳዲስ ድምፆች በየፊናቸው ከመልቀቅ ይልቅ በአንድ ላይ አሰባስቦ ማውጣትን መረጠ። «ኬንያን፦ ዘ ፈርስት ቻፕተር» የተባለው ስብስብ በ1998 ወጣ፤ ሁለተኛው ክፍልም ተከተለ። ብዙ ጀማሪዎች አንድ አንድ ዘፈን ይዘው የቀረቡበት ይህ ስብስብ ከንግድ አንጻር ብልህ እርምጃ ነበር፤ ማንም ብቻውን ሙሉ አልበም ለማውጣት አቅም ባልነበረበት ጊዜ አንድ የምርት ወጪ ብዙ ስሞችን ለገበያ አስተዋወቀ። ከዚያም በላይ እነዚህ ወጣቶች የተበታተኑ ሞካሪዎች ሳይሆኑ አንድ ትውልድ መሆናቸውን ለአድማጩም ለራሳቸውም አሳየ። ከጆሳያ ሥራዎች ሁሉ ታሪካዊ ክብደት ያለው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጆሳያ ኦዲዮ ቮልት የተባለውን፣ ኋላም ብሉ ዚብራ ተብሎ የተሰየመውን ስቱዲዮ ይዞ ሲሠራ ያገኛቸው ትልቆቹ ባልደረቦቹ ጊዲ ጊዲ ማጂ ማጂ ናቸው። ሁለቱ ወጣቶች ራፕ የሚያደርጉት በአብዛኛው በሉኦ ቋንቋ ነበር። በናይሮቢ ሬዲዮ ለሉኦ ራፕ ቦታ ይኖራል ብሎ የገመተ አልነበረም። «ቲንግ ባዲ ማሎ» እና «አቶቲ» ግን ቋንቋውን የማያውቀውንም አስጨፈሩ፤ በ2000 ግድም «ኢስማርዋ» የተባለው አልበማቸው ወጣ። በአልበሙ ውስጥ የሉኦ ባህላዊ ዜማና የክር መሣሪያ ድምፅ ከኮምፒዩተር ከበሮ ጋር ሳይጋጭ ተዋሕዶ ይሰማል፤ ጆሳያ የአሜሪካን ሸክላ ከመቁረጥ ወደ አገር ዜማ የተሻገረበት ሥራ መሆኑን ጆሮ ይመሰክራል።

በ2002 «አንብዎገብል» ተወለደ። ርእሱ ማስፈራት ከሚለው የሉኦ ግሥ በእንግሊዝኛ ሰዋስው የተበጀ ሲሆን፣ የማልደነግጥ፣ የማልበገር እንደ ማለት ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ የሁለቱን ሙዚቀኞች የራሳቸውን የኑሮ ትግል የሚናገር፣ የሉኦ ጀግኖችንና ፖለቲከኞችን የሚያወድስ ነበር። ወቅቱ ግን የምርጫ ወቅት ሆነ። ከነፃነት ጀምሮ ለ40 ዓመት ገደማ የገዛውን የካኑን ፓርቲ ለመጣል በናርክ ስም የተባበሩት ፓርቲዎች ዘፈኑን የቅስቀሳቸው መዝሙር አደረጉት። ሉኦ ያልሆነውም ኬንያዊ ሁሉ ቃሉን የራሱ አደረገው። ታኅሣሥ 27 ቀን 2002 በተካሄደው ምርጫ ተቃዋሚው አሸነፈ፤ በሦስተኛው ቀን የተቃዋሚው ዕጩ ምዋይ ኪባኪ በኡሁሩ ፓርክ የፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ጆይስ ኛይሮና ጄምስ ኦጉዴ የተባሉ ምሁራን «አፍሪካን አፌርስ» በተባለው መጽሔት በ2005 ስለዚህ አንድ ዘፈን ረጅም ጥናት ጽፈዋል። ዘፈን ብቻውን መንግሥት አይለውጥም፤ ነገር ግን ፍርሃት የኖረበት ሕዝብ ፍርሃቱን የሚጥልበት ቃል ያገኘው ከፖለቲከኛ አፍ ሳይሆን ከናይሮቢ ስቱዲዮ መሆኑ ሐቅ ነው።

በ2003 ጆሳያ ተዳክሞ የነበረውን የኪሲማ የሙዚቃ ሽልማት እንደገና አቋቁሞ አስጀመረ። በኋለኞቹ ዓመታት ከሙዚቃ ማምረት እየራቀ ሄዶ ጆካጆክ በሚል ስም የቆዳ ቦርሳ ሥራ ላይ ተሰማራ።

የናይሮቢ ድምፅ ግን በአንድ ሰው እጅ አልቆየም። ጆሳያ በስብስቦቹ ላይ በሚሠራባቸው ዓመታት ፍራንሲስና ሉካስ ቢኬዶ የተባሉ ወንድማማቾች ኦጎፓ ዲጄስ የተባለውን የሙዚቃ ቤት አቋቋሙ። ከዲጄነት መነሣታቸው በሥራቸው ላይ በግልጽ ይሰማል፤ ለእነሱ የዘፈን መለኪያው ጭፈራ ቤት ውስጥ ሰዉን ከመቀመጫው ማስነሣቱ ነው። ምታቸው ፈጠን ያለ፣ ባሱ ወፍራም፣ አዝማቹ ለማስታወስ ቀላል ነበር፤ ለዚህም ካፑካ የሚል ስም ወጣለት። ራሳቸው ግን ከካሜራ የሸሹ ሰዎች ነበሩ። ፊታቸውን የማያውቅ ሰው ስማቸውን በየዘፈኑ መግቢያ ይሰማ ነበር፤ የአቀናባሪን ስም በዘፈን ላይ መጥራት በናይሮቢ ልማድ እንዲሆን ካደረጉት መካከል ናቸው።

በእነሱ በኩል የወጡት ልጆች ከዳንዶራ ይልቅ መካከለኛ ኑሮ ካላቸው ሰፈሮችና ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የመጡ ይበዛሉ። ኔምለስ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነበር። ኢ-ሰር በሚል ስም የታወቀው ኢሳ ማሪ ደግሞ የሳውዝ ሲ ልጅ ነው፤ ስዋሂሊውን እንደ ውኃ የሚያፈስስ፣ ዘና ብሎ ራፕ የሚያደርግ፣ ከሁሉም ወገን የሚወደድ ወጣት ነበር። ሁለቱ አብረው የሠሩት «ቡምባ ትሬይን» በየማታቱው ተጫወተ። መጋቢት 16 ቀን 2003 ኢ-ሰር ከናኩሩ የሙዚቃ ዝግጅት ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ዕድሜው ገና 21 ዓመት ነበር። አልበሙ «ኒመፊካ»፣ ትርጉሙም «ደርሻለሁ»፣ በዚያው ዓመት ለገበያ ቀረበ። የናይሮቢ ሂፕሆፕ ከዚህ የከበደ ሐዘን አልገጠመውም።

እዚህ ላይ ስለ ማታቱ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ማታቱ ናይሮቢን የሚያንቀሳቅሰው የግል ታክሲና አነስተኛ አውቶቡስ ነው። በምሥራቅ ናይሮቢ መስመሮች የሚሠሩት በራፐሮች ሥዕል የተሸለሙ፣ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ የተገጠመላቸው ነበሩ። የሰፈር አቀናባሪ አዲስ ዘፈን ሲጨርስ ቅጂውን ቀድሞ ለማታቱ ሾፌሮችና ረዳቶች ይሰጣል፤ ተሳፋሪው ከወደደው በሳምንታት ውስጥ ከተማው ይሰማዋል፤ ሬዲዮ ጣቢያው በመጨረሻ ይደርስበታል። በ2004 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ያወጡት ጥብቅ ደንብ ሁሉም ማታቱ ቢጫ መስመር እንዲቀባ አስገድዶ ይህን ባህል ለዓመታት አቀዘቀዘው፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም።

ከማታቱ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የተሳሰረው አቀናባሪ ክሌሞ ነው። ሙሉ ስሙ ክሌመንት ራፑዶ ነው፤ ያደገው ካሊፎርኒያ በተባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ከኢስሊ ጋር ይጎራበታል። ኢስሊ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም፤ ከ1991 ወዲህ በናይሮቢ በኩል ያለፉ ስደተኞች ብዙዎቹ ያረፉበት፣ የእንጀራና የቡና ቤት የሞላበት፣ የሶማሌ ነጋዴዎች የገበያ አዳራሽ የተደረደረበት ሰፈር ነው። ክሌሞና የሰፈሩ ልጅ ፖል ጁሊየስ ኑንዳ በ2000 ካሊፍ ሬከርድስን ሲመሠርቱ ስሙን ከሰፈራቸው ወሰዱ። ኑንዳም ጁዋ ካሊ ተባለ፤ ስሙ የካሊፎርኒያን አጠራር ይዞ፣ በኬንያ በፀሐይ ሐሩር ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ቀጥቃጭና ጠጋኝ ሁሉ የሚጠራበትን ስምም ያስታውሳል።

ክሌሞ ሥራውን የጀመረው ያለ ባለሀብት ነው። ጊዜው የኮምፒዩተር ዋጋ ወደ ታች የወረደበት፣ ፍሩቲ ሉፕስን የመሳሰሉ የሙዚቃ ፕሮግራሞች ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጡበት ነበር። ቀድሞ በትልቅ ክፍል ውስጥ ውድ መሣሪያ የሚጠይቀው ሥራ በአንድ ኮምፒዩተር፣ በአንድ ማይክና በሰፈር ውስጥ ባለች ክፍል ሊሠራ ቻለ። የክሌሞ ሙዚቃ ይህን አቅም ማነስ አይደብቅም፤ እንዲያውም መልኩ አድርጎታል። ምቱ ቀለል ያለ፣ የኪቦርዱ ድምፅ ጥቂት፣ መሐሉ ባዶ ነው፤ ባዶው ቦታ ለወሬው የተተወ ነው። ራፐሩ አይዘፍንም፣ አይፎክርም፤ በሰፈር ጥግ ቆሞ ከጓደኛው ጋር እንደሚያወራ ሰው በሼንግ ይተርካል። ይህ ሙዚቃ ጌንጌ ተባለ፤ ቃሉ የሰው ስብስብ፣ ጀማ እንደ ማለት ነው።

ጌንጌን ለመላው ኬንያ ያሰማው ሌላው የሰፈሩ ልጅ ኖኒኒ ነበር። «ዊ ካሙ» እና በተለይም «ማንያኬ» ከየማታቱው ሲጮኹ ልጆች ግጥሙን በቃላቸው ያዙት፤ ወላጆችና የሃይማኖት ሰዎች ደግሞ የብልግና ዘፈን ነው ብለው ክፉኛ ወቀሱት። ወቀሳው መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም ኖኒኒ የሠራው ሥራ ከቀልድና ከሴሰኝነት ያለፈ ነበር፤ የናይሮቢ ወጣት በዕለት ተዕለት የሚናገረውን ቃል ሳያጸዳና ሳያስተካክል ወደ ሬዲዮ አስገባው። ጁዋ ካሊ ለዘብ ያለ መንገድ መረጠ። «ሩካ» ብሎ ጀምሮ «ኒፔ አሳሊ»፣ ከሳናይፔይ ታንዴ ጋር ደግሞ «ክዋሄሪ» አለ፤ «ጁዋካሊ ሴክታ» የተባለውን አልበሙንም በ2006 አወጣ። በእሱ ዘፈን ውስጥ ቤተሰብ፣ የሰፈር ሥራ፣ ሠርቶ የማደር ኩራት አለ። ሜጃም «ጃና ኩሊኤንዳጄ» በሚለው ሥራ የታወቀው በዚሁ በክሌሞ በኩል ነው፤ ኋላ ወደ መዝሙር የተሻገረችው ሳይዝ ኤይትም የጀመረችው ከካሊፍ ነው። አንድ የሰፈር ስቱዲዮ ይህን ያህል ስም ማፍራቱ ብቻውን የክሌሞን ጆሮ ይናገራል፤ ማን ማይክ ፊት ሲቆም ሰው እንደሚሆን ያውቅ ነበር።

በዳንዶራ የቀሩት ግን በኦጎፓም በካሊፍም ደስተኞች አልነበሩም። ካላማሻካ በ2001 «ኒ ዋካቲ» የተባለውን አልበም ካወጣ በኋላ በዙሪያው የተሰበሰቡት ወጣቶች ከሞምባሳው ቡድን ከኡኮ ፍላኒ ጋር ተቀላቅለው ኡኮ ፍላኒ ማኡ ማኡ ሆኑ። ስማቸውን የወሰዱት እንግሊዝን ከተዋጉት የጫካ አርበኞች ነው። ለእነሱ ሂፕሆፕ የድሃ ምስክርነት እንጂ የጭፈራ ቤት ማሞቂያ አልነበረም፤ ካፑካና ጌንጌ ወጣቱን አስተኙት ይሉ ነበር። ችግራቸው እንዲህ ያለውን ሙዚቃ በገንዘቡ የሚያሳትም ነጋዴ አለመኖሩ ነው። በ2004 ከኔዘርላንድ በመጣ የወጣቶች በጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ በምሥራቅ ናይሮቢ አንድ መኖሪያ ቤት ወደ ስቱዲዮነት ተለውጦ «ኪሊዮ ቻ ሐኪ»፣ «የፍትሕ ጩኸት» የተባለው አልበም ተቀረጸ። ከ30 በላይ ራፐሮችና ዘፋኞች ተሳተፉበት። ዓላማው አልበም ማውጣት ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው አቀናባሪ እንዲሆኑ ማሠልጠንም ነበር። በገበያ ኦጎፓን አልተገዳደረም፤ ከናይሮቢ የወጣ ጠንካራ የሂፕሆፕ አልበም ሲጠየቅ ግን ስሙ ሳይነሣ አይታለፍም።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የአቀናባሪውን ኪስ ጉዳይ ወደ ፊት አመጡት። የኬንያ የሙዚቃ መብት ማኅበር ከ1983 ጀምሮ ነበረ፤ አዲስ የቅጂ መብት ሕግም በ2001 ወጥቶ ነበር። ሪቨር ሮድ ላይ ግን ዘፈኑ በወጣ በማግስቱ የተባዛው ሲዲ በርካሽ ይሸጥ ነበር። የማኅበሩ ክፍያ ለዘፋኝ እንኳ በወጉ የማይደርስ ሆኖ ሳለ ምቱን ለሠራው ሰው የሚደርሰው ከዚያም ያነሰ ነበር። ስለዚህ አቀናባሪዎች ዘፋኙን በውል አስረው ከመድረክ ገቢው ድርሻ መውሰድን ያዙ፤ በዚህም የተነሣ በቤቶቹና በልጆቹ መካከል ጠብ አልጠፋም። ኖኒኒም ከካሊፍ ወጥቶ የራሱን መንገድ ጀመረ፤ በእሱ ዙሪያ የተነሣው ፒ-ዩኒት የተባለ ቡድን ከአቀናባሪው ሙሶካ ጋር በመሥራት ለቀጣዩ ጊዜ ድምፅ መልክ ሰጠ። በ2009 የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም ስኪዛ የተባለውን የስልክ ጥሪ ዜማ አገልግሎት ሲጀምር ሰው ዘፈን ባይገዛም ለስልኩ ዜማ መክፈል ጀመረ። ገንዘቡ ብዙ ነበር፤ አከፋፈሉ ግን እስከ ዛሬ ሙዚቀኞችን ያስቆጣል።

ቀጣዩ ማዕበል የመጣው ከዩቲዩብ ነው። በ2018 ኤቲክ የተባሉ ወጣቶች «ላምባ ሎሎ»ን፣ በ2019 ሴይለርስ «ዋምላምቤዝ»ን ሲለቁ ማንም ሬዲዮ ጣቢያ አልጠየቁም። ሙዚቃው ጌንጌቶን ተባለ፤ ስሙ ራሱ ከካሊፍ ዘመን ጋር ያለውን ዝምድና ይናገራል። በኖኒኒ ላይ የተነሣው ወቀሳም በእነዚህ ላይ ተደገመ፤ የፊልምና የሥርጭት ተቆጣጣሪው ቦርድ ዘፈኖቹን አጥብቆ ኮነነ። የአቀናባሪው ቁመና ግን ተለወጠ። ስቱዲዮ መከራየት ቀርቶ ላፕቶፕ በቦርሳ ይዞ መዞር በቂ ሆነ፤ ምቱ ተሠርቶ በኢንተርኔት ይላካል፤ ራፐሩ በሌላ ክፍል ይቀርጻል።

ከእነዚህ ዓመታት አቀናባሪዎች ስሙ በጣም የሚሰማው ማጂክስ ኤንጋ ነው። ከራፐሮቹ ከኪንግ ካካና ከክሪስቶፍ ጋር የሠራው «ዱንዳይንግ» በሰፊው ተደመጠ። በ2019 መጨረሻ የታንዛንያው ኮከብ ሐርሞናይዝ «ኡኖ»ን ሲያወጣ ማጂክስ ኤንጋ ምቱ ከእኔ ሥራ የተወሰደ ነው ብሎ አመለከተ፤ ዩቲዩብም በሚሊዮኖች የታየውን ቪዲዮ ለጊዜው አወረደው። ክርክሩ በሁለቱ አገሮች ደጋፊዎች መካከል ብዙ ተጋጋለ። ማን ትክክል ነው ከሚለው ይልቅ የሚያስደንቀው የጉዳዩ አቀማመጥ ነው። ቴድ ጆሳያ የማርቪን ጌይን ዜማ ለናይሮቢ ከተዋሰ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ የኬንያ አቀናባሪ የራሱ ምት ተወሰደብኝ ብሎ በጎረቤት አገር ትልቅ ኮከብ ላይ ቆመ፤ ቅሬታውም ሰሚ አገኘ።

በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ መድረኩን ሁሉ ሲዘጋ ራፐሯ ፌሚ ዋን «ኡታዌዛና» የተባለውን ዘፈን ይዛ ወጣች። አብሯት የገባው ከካሊፍ የተነሣው ሜጃ ነው። ዘፈኑ በቲክቶክ ከአገር አገር ተሻገረ፤ ሜጃም ከጌንጌቶን ወጣቶች ጋር እየተጣመረ ሁለተኛ ዕድሜ አገኘ። በዚያው ጊዜ የምሥራቅ ናይሮቢ ሌሎች ልጆች፣ ዋካዲናሊና የቡሩቡሩዎቹ ቡሩክሊን ቦይዝ፣ ከቺካጎና ከለንደን የመጣውን ድሪል የተባለ የራፕ ዓይነት በሼንግ ይሠሩ ጀመር፤ የሚሠሩትም ከካላማሻካ የቀረበ ጨለም ያለ የሰፈር ታሪክ ነው።